ያስነሳሁት ቁልፍና የአያ እንድሪስ ተራ

በዚያ ጠዋት ሞተር ቤቱ ደጅ የነበርነው እነዚህ ነን፤ የውሃ ተራ የሚዳኙት ጋሽ ካሳ፣ ከእኔ ጋር ተራ የምትመዘግበው በላይነሽ፣ ልጄ ሰላም፣ ውሃ ሊጠይቁ የመጡ ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች፣ አያ እንድሪስ፣ እኔ። ከዚህ ሁሉ ሰው እውነቱን የምናውቀው እኔና ልጄ ብቻ ነበርን። እሷን ዝም አሰኘኋት። እኔም ለነፍስ አባቴ እንኳ ሳልናገር እስከ ዛሬ ቆየሁ። ለእናንተ የምናገረው ደፍሬ አይደለም፤ መሸከሙ ስለሰለቸኝ ነው።

አገራችን ቆላ ነው፤ ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሜዳ። ውሃው ከጉድጓድ በሞተር ይወጣል፣ ማሳው በተራ ይጠጣል። ድሮ ተራ የሚያዘው በጋሽ ካሳ ሽመል ነበር። ሽመሉን የያዘ ሰው ብቻ ስሙን ያስጽፋል፤ ሌላው ሽመሉ እስኪደርሰው አፉን ይይዛል። ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ጸሐፊው አንዱን ሳይጽፍ ስለሚያልፍ ነው።

ሰላም ኮምፒውተር ተምራ ስትመጣ ምዝገባውን በስልክ አደረገችው። አንዱ ስልክ በእኔ እጅ፣ ሌላው በበላይነሽ እጅ ሆኖ ሁለቱም ሞተር ቤት ወዳለው ኮምፒውተር ይልካሉ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እሷ ግን እንዲገባኝ አድርጋ ነገረችኝ።

«እማ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለየስልኩ አንድ አንድ ሠራተኛ አለ በይ፤ እኛ ክር እንላቸዋለን። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ አስራ አራት ተጽፎ ሁለቱ እኩል ካዩት፣ ሁለቱም አስራ አምስት ብለው ይጽፋሉ። የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል።»

«ታዲያ ምን አበጀሽለት?»

«የጋሽ ካሳን ሽመል ሰጠኋቸው። በእኛ ሥራ ቁልፍ ይባላል። ቁልፉን የያዘው ብቻ ያያል፣ ይደምራል፣ ይጽፋል፤ ከዚያ ለሌላው ይለቅለታል።»

ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም።

ችግሩ፣ የበላይነሽ ስልክ ኔትወርክ ሲጠፋው ቁልፉን እንደያዘ ይቀራል። የእኔ ስልክ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይጨርስም። ገበሬው ፀሐይ ላይ ቆሟል።

«የሰላም እናት፣ ማሽንሽ ጾም ያዘ እንዴ?» አለኝ አንዱ።

«ሽመሉ ይሻለን ነበር፤ ሽመል ኔትወርክ አይጠይቅም» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

ሳቁ በልጄ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ የልጄ ስም በክፉ ሲነሳ የማልችል ሰው ነኝ። ሮጬ ሞተር ቤት ገባሁና «አንሺው ይህን ቁልፍ!» አልኳት።

«እማ፣ ማንሳት መድኃኒቱ አይደለም። ስህተቴ ቁልፉን እንደያዘ የስልኩን መልስ እንዲጠብቅ ማድረጌ ነው። ጽፎ ወዲያው እንዲለቅ አደርገዋለሁ። ሁለት ቀን ስጪኝ።»

ሁለት ቀን ብቻ ነው የለመነችኝ። እኔ ግን «ሰው እየሳቀብሽ?» ብዬ አለቀስኩባት። እናት ፊቷ ቆማ ስታለቅስ ልጅ ምን ታድርግ? አነሳችው።

ምዝገባው ፈጠነ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ምንም አልሆነም። ሰላም በየቀኑ «ልመልሰው» ትለኛለች፤ እኔ «የሚሠራ ነገር አትነካኪ» እላታለሁ። ያን የሚያህል ድርቅና ከየት አመጣሁት?

አያ እንድሪስን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። በዚህች ጣቴ። ሽንኩርቱ ገና ሥሩን መቋጠሩ ነበርና «እታለም፣ አደራሽን፣ ይህች ውሃ ካመለጠችኝ አለቀልኝ» አለኝ። ስልኬ «እንድሪስ፣ አስራ አምስት፣ ተመዝግቧል» ሲል አሳየሁት። «አላህ ይስጥሽ» ብሎኝ ሄደ። በዚያችው ቅጽበት በላይነሽም ሌላ ገበሬ እየመዘገበች ነበር።

በውሃው ቀን ጠዋት ጋሽ ካሳ ዝርዝሩን ሲያነቡ አስራ አምስተኛው በላይነሽ የመዘገበችው ሰው ሆነ። እንድሪስ የሚባል ስም የለም።

«እንዴት የለም? እሷ ናት የመዘገበችኝ!» አለ አያ እንድሪስ።

ጋሽ ካሳ ወደ እኔ ዞሩ። «መዝግበሽዋል?»

ልጄ ከኮምፒውተሩ ቀና ስትል ፊቷ ዐመድ መስሏል። «እማ...» ብላ ስትጀምር አፈጠጥኩባት። ዋጠችው።

«አላስታውስም» ማለት እችል ነበር። እሱም ውሸት ነው። እኔ ግን ያልኩት «አልመዘገብኩትም» ነው።

«ስልኳን ታሳየን!» አለ አያ እንድሪስ።

ስልኩ ነጠላዬ ሥር ነበር። አስራ አምስት የሚለው ጽሑፍ እዚያው ውስጥ አለ። ስልኩን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ዘጋሁትና «ባትሪው አልቋል» አልኩ።

«አያ እንድሪስ፣ በስተርጅና የሰው ተራ ልትቀማ?» አለ አንዱ። ሳቁ። ያ ሳቅ ከልጄ ላይ ያነሳሁት ሳቅ ነው፤ አንስቼ እሱ ላይ ጫንኩት።

«ወላሂ አልዋሸሁም» አለ አንድ ጊዜ። ከዚያ ግራ እግሩን እየጎተተ ሄደ።

ሰላም ያን ዕለት ከሰዓት ቁልፉን መለሰችው፤ ጽፎ ወዲያው የሚለቅ አድርጋ። ሁለት ቀን ብላ የለመነችኝ ሥራ ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። ከዚያ ወዲህ የማንም ስም አልጠፋም። የእንድሪስ ሽንኩርት ግን በቆመበት ደረቀ። ከሽንኩርቱ ይልቅ ውሸታም መባሉ ነው ያስመረረው። ማሳውን ለዘመድ ትቶ ወደ አፋር በኩል ወረደ አሉ።

ለልጄ ብዬ ነው አልልም። ልጄን ማን ከሰሳት? እሷ አይነሳ ያለችውን ያስነሳሁት እኔ፣ ስህተቱ ሲመጣ የካድኩት እኔ። ልጄም ከዚያ ወዲህ ከእኔ ርቃ ሄዳለች፤ ስትደውል ስለ ጤናዬ ብቻ ነው የምትጠይቀኝ።

ስልኩን አልጣልኩትም፤ ጽሑፉም አለ። ጋሽ ካሳ ፊት፣ በዚያው ሞተር ቤት ደጅ፣ ያው ሰው ተሰብስቦ ላሳየው እፈልጋለሁ። እንድሪስ በሌለበት ግን ለማን አሳያለሁ?

አያ እንድሪስ ረጅም፣ ቀይ፣ ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው ነው። ያያችሁት ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሩንና የት እንዳለ ንገሩኝ።