ጎኗ ላይ ያረፉ እጆች

መርዶው የደረሰኝ ጅማ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ። የእድራችን ሴቶች ደጄ ላይ ቆመው አንዷም ቀድማ መግባት አልፈለገችም። ታላቅ እህቴ ከምትኖርበት ደጋ፣ ከአምባራስ ወርዳ ጠበል ስትጠመቅ አርፋ፣ እዚያው ተቀብራለች። አልቅሼ ሳይወጣልኝ ደባርቅ ያሉት አጎቴ ደወሉ።

"ጠበሉስ ሠርቶ ነበር" አሉኝ። "ጋኔኑ ጮኸ፣ ለፈለፈ። ሲወጣ ግን ይዟት ወጣ።"

"ምን ብሎ ጮኸ?"

"አንቺ ደግሞ! ጎኗን ሲጫኑት 'ሞትኩ፣ ልቤ ወጣ' አለ።"

ይህን ያለችው እህቴ ራሷ እንደሆነች ለማንም አልታየም።

ሕመሟን አውቀዋለሁ። ድንገት ላብ ያጠምቃታል፣ ፊቷ አመድ ይመስላል፣ ልቧ ይደልቃል፤ ጥቂት ቆይታ ተነስታ ገብሷን ታበጥራለች። በኛ አገር እንዲህ መጥቶ የሚሄድ ነገር የሥጋ ሕመም አይባልም። ስለዚህ የያዟት ሰዎች "የተደበቀው እዚህ ነው" እያሉ ግራ ጎኗን በመቁጠሪያ መቱት፣ በጉልበታቸው ተጫኑት። በነኳት ቁጥር ተንቀጠቀጠች፤ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ይበልጥ አመኑ።

ቆይቶ ያው ላብ እኔን ጀመረኝ። ጅማ አንድ ወጣት ሐኪም አስመርምሮኝ፣ ከኩላሊቴ በላይ ያለችው እጢ ማበጧን ነገረኝ።

"ይቺ እጢ ለድንጋጤ ጊዜ የሚሆነንን አድሬናሊን ትሠራለች" አለኝ። "ሠርታ ግን ወዲያው አትለቀውም። በሴሎቿ ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ እየሳቡ፣ እያጨቁ ያስቀምጡታል። ሰው ሲደነግጥ ነርቭ 'ልቀቁ' ብሎ ያዛቸውና ወደ ደም ይዘረግፉታል።"

"የእኔዋስ?"

"የእርስዎ ከመጠን በላይ ታከማቻለች፣ ትእዛዝም አትጠብቅም። ሲጫኗት ደግሞ ትዘረግፋለች። ሆድዎን ጠንከር አድርጌ ያልዳሰስኩት ለዚህ ነው።"

ለእኔ እጁን ሰበሰበ። ለእህቴ ጉልበት ጨመሩላት።

በመድኃኒት ካዘጋጁኝ በኋላ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ዳንኩ፤ ክብር ምስጋና ይግባውና። ምስጋናዬ ግን አፌ ውስጥ እሬት እሬት ይላል። ጠበሉን አላማም፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። ውኃው አልተጫናትም።

ሐኪሙ ሕመሙ በዘር እንደሚተላለፍ ነግሮኝ ነበር። አሁን ደባርቅ አጎቴ ዘንድ ሆና የምትማረው የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ልቤ ሊወጣ ነው" ብላ ደወለችልኝ። አጎቴ የእናቷ ጋኔን ወደ እሷ ዞረ ብለው፣ እናቷ ወደሞተችበት ጠበል ሊወስዷት ስንቅ አሰናድተዋል። ብነግራቸው ሳቁብኝ። "ኩላሊት ላይ ከረጢት! ጅማ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይህን ነው?"

እህቴን ያን ቀን የያዛችሁ ሆይ፣ ልወቅሳችሁ አይደለም፤ ልታድኗት እንደነበር አውቃለሁ። እባካችሁ ወደ አጎቴ ሂዱ። እጃችሁን የት እንዳሳረፋችሁ፣ ስትጫኑ ምን እንደሆነች ንገሯቸው፤ የእኔን ባይሰሙ የእናንተን ይሰማሉ። ከዚያ ልጅቷን ጎንደር ሐኪም ዘንድ አድርሱልኝ። መንገድ ላይ ቢጀምራት ደግፏት፤ ጎኗን ግን አትንኩብኝ።