አባዬ በፈረስ ላይ

አባዬ ከጎረቤታቸው ቀብር የተመለሱ ዕለት ምሳ አልበላም አሉ። እኔ መንገዱ አድክሟቸው መስሎኝ ነበር። ነገሩ የወጣው ኋላ፣ ወደ ማታ ነው። ሟቹ ዕድሜ ልካቸውን ከአባዬ ጋር የጋለቡ ሰው ናቸው፤ በጥር የፈረሰኞች በዓል ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያልፉ ሰው ሥራውን ትቶ ያያቸው ነበር። ልጆቻቸው ግን ሌላ ፎቶ ስላጡ፣ የመታወቂያቸውን ጉርድ ፎቶ በትልቁ አሳጥበው ድንኳኑ መግቢያ ላይ አቆሙት።

«ፖሊስ የጠራው ሰው ነው የሚመስለው» አሉ አባዬ። «ዐይኑ ፈጦ፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገብቶ። ያን ሁሉ ዘመን ፈረስ ላይ ኖሮ መሸኛው ያ ይሁን? እኔን እንዲህ አድርጋችሁ ብታወጡኝ አልምራችሁም።»

«ከሞቱ በኋላ ደግሞ እንዴት አድርገው ነው የማይምሩን?» ብዬ አሾፍኩባቸው። የእኔ ነገር ሁልጊዜ አፌ ይቀድማል። አልሳቁም። ያኔ እኔም ደነገጥኩ፤ የአባዬም ፎቶ ያችው የመታወቂያዋ ብቻ ናት።

እኛ አገር ሽማግሌ ከሩቅ የሚታወቀው በፊቱ አይደለም፣ በፈረሱ ነው። «ያ ዳማ የማን ነው?» ይባላል እንጂ «ያ ሰውዬ ማን ነው?» አይባልም። የአባዬ ዳማ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ከቆሰበር እስከ አዲስ ቅዳም የማያውቀው የለም። ዛሬም በረት ውስጥ አለ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያኮርፋል። አባዬ ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ወገባቸው ስለያዛቸው ያለ ምርኩዝ አይራመዱም፤ ፈረስ መውጣት ቀርቷል። ታላቅ ወንድሜ «ሰው ሰብስበን እናወጣዎታለን፣ ፎቶውን ተነስተው ይወርዳሉ» ቢላቸው ምርኩዙን አነሱበት።

«እንደ ድንች ጆንያ ተሸክማችሁ ልትጭኑኝ? በስተርጅና የመንደር መሳቂያ ልታደርጉኝ?»

ወንድሜ ሸሸ። እኔ ለእሱም ለእሳቸውም አዘንኩ።

ቆሰበር ጨርቅ እሸጣለሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት ፎቶ ቤት የከፈተ የዳንግላ ሰው አለ፤ እሱ ቤት ግድግዳው ላይ የሌለ አገር የለም። ድንች ሸጦ የመጣውን ገበሬ ዱባይ ፎቅ ሥር ያቆመዋል፤ ሙሽሮቹን በረዶ ላይ ያስኬዳቸዋል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔም አንድ ጊዜ ውቅያኖስ ዳር ተነስቻለሁ። ምን ይደረግ፣ አማረብኝ!

የአባዬን ጉዳይ ሳጫውተው «እና ይኼ ምን ችግር አለው?» አለኝ። «አባባን ለብቻ፣ ፈረሱን ለብቻ አነሳና በኮምፒውተር አገናኛቸዋለሁ።»

ለአባዬ ነገርኳቸው። «የማንም እጅ አይነካኝም?» አሉ።

«ማንም አይነካዎትም።»

«እንግዲያስ ይሁን።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፎቶ አንሺውን በባጃጅ ይዤው መጣሁ። የመጀመሪያው ጣጣ የአባዬ አቀማመጥ ነበር። ፈረስ ላይ ያለ ሰው እንዲመስሉ ምን ላይ እናስቀምጣቸው? በርጩማው አጠረ፣ አግዳሚው ሰፋ። ቤቱን ሁሉ ስናምስ ቆይተን የተገኘው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የድንች ጆንያ ነው። እንደ ጆንያ አትጭኑኝ ያሉት ሰውዬ ጆንያ ላይ እግራቸውን አንፈራጠው ተቀመጡ። ሳቄ አፍኖ ሊገድለኝ ደረሰ። እሳቸው ግን ተነፋነፍ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ነጭ ኩታቸውን ደርበው፣ ኮስተር ብለው ካሜራውን አዩት። በእጃቸው የሌለ ልጓም ይዘዋል። ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ፤ አንጀቴን በሉት።

ቀጥሎ የፈረሱ ተራ ሆነ። ግቢያችን ዙሪያውን ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የተተከለበት ስለሆነ ጥላ ነው፤ ፎቶ አንሺው ብርሃን ፈለገ። ወንድሜ ዳማውን ጭኖ፣ ከነሙሉ ጌጡ፣ ልጓሙን ይዞ ወደ ሜዳው አወጣው። ፎቶ አንሺው ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «ወዲህ አዙረው! ቀስ አድርገህ አመላልሰው!» እያለ ያዘዋል። የዳንግላ ከተማ ልጅ ነው፣ ፈረስ የሚያውቀው በወሬ ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ወንድሜ ደግሞ ልቡ ሁሉ ካሜራው ላይ ነበር።

እኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ጌጡን ሁሉ ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ በሰው እጅ እየተሳበ ሜዳ ላይ ይዞራል። አልቃሽ የሚያለቅሰው ያን ባዶ ኮርቻ እያየ ነው። የታመመ ሽማግሌ ባለበት ቤት ደጃፍ ያን ያየ ሰው መርዶ ነጋሪ አይጠብቅም።

እኔ አባዬን ከጆንያው ላይ ለማስነሳት ስታገል ጩኸቱ ተሰማ።

«ማን ሞተ?» አሉ አባዬ።

«እኔ ምን አውቄ!»

በበሩ ስንጥቅ ብመለከት፣ ከሜዳው ማዶ የምትኖረው አክስቴ፣ የአባዬ ታናሽ እህት፣ ነጠላዋን አሸርጣ ደረቷን እየደቃች ትመጣለች። ከኋላዋ መንደሩ በሙሉ ነው። ፈረሱ ጋ ደርሳ በአዊኛ ሙሾዋን አወረደችው። ፎቶ አንሺው አዊኛ አይሰማም፤ «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ፎቶው ውስጥ ገቡብኝ» ይላታል። ወይ ጉድ! ወንድሜ ልጓሙን እንደያዘ ድርቅ ብሎ ቀርቷል።

ልወጣ ስል አባዬ ክንዴን ያዙኝ። «ተይ። ልስማ።»

አክስቴ «ወንድምዓለም» እያለች ታወርዳለች። ወደ አማርኛ ስመልሰው ውበቱ ይረግፋል እንጂ እንዲህ ነበር የምትለው። ምጥ የያዛትን የጎረቤት ሚስት ኮርቻው ላይ አስቀምጦ፣ እሱ በእግሩ፣ በሞላ ወንዝ አሻግሮ ሐኪም ቤት ያደረሳት ማን ነው?

«ወንዙ እንኳ ያን ያህል አልሞላም ነበር» አሉ አባዬ በሹክሹክታ።

አክስቴ ቀጥላለች፤ ባሌ የሞተብኝ ጊዜ እርሻዬ ጦም እንዳያድር የራሱን ትቶ የእኔን ያረሰልኝ ማን ነው? ሕፃን ሲያገኝ ከፈረሱ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ፣ ድሃን ያለ ሰላምታ የማያልፍ፣ እንዲህ ያለ ወንድም ሳልሰናበተው ሄደብኝ ትላለች። ሴቶቹ ይቀበሏታል። አባዬ አሁን እርማት ማድረጉን ትተዋል። ቀና ብዬ ሳያቸው እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። አባዬ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ አጠገቤ ለቆሙት አባቴ፣ ክንዳቸውን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ።

«አውጪኝ» አሉ በመጨረሻ።

ደጃፉ ላይ ስንታይ ለቅሶው ቀጥ አለ። አክስቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች፤ ሁለት ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ዞራ ወንድሜን በነጠላዋ ጫፍ ገረፈችው። «እናንተ ጉደኞች! ሰውን በቁሙ ታስለቅሱበታላችሁ? ጉልበቴን በከንቱ ሩጫ ጨረሳችሁት!»

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ «በል እንግዲህ፣ እኛ አልቅሰናል» አሏቸው። «ወደፊት ብትሞት ቀሪ ነን!» ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አባዬም ሳቁ፤ እንባቸው ሳይደርቅ።

ወንድሜ የፎቶውን ነገር፣ የኮምፒውተሩን ነገር አስረዳ። አክስቴ እስኪጨርስ አልጠበቀችውም።

«ሰውዬው ቆሞ ኮርቻው ባዶውን የሚዞረው ምን ቢሆን ነው? ለምን አትወጣም አንተ?»

«አልችልማ» አሉ አባዬ።

ይህችን ቃል ከአባዬ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«እና እኛ ምን ሆነናል?» አለች አክስቴ።

አሁን የድንች ጆንያውን ነገር ያነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላነሱም። ምርኩዛቸውን ሰጡኝና ጫማቸውን አወለቁ፤ የድሮ ፈረሰኛ እርካብ የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ነው። ወንዶቹ ከበቧቸው። «በግራ በኩል!» «ኧረ ቀስ፣ ወገባቸውን!» «በሉ አንድ ላይ!» ተባለና ወጡ። አውራ ጣታቸው እርካቡን ፈልጎ አገኘው። ሰውነታቸው ወደ ጎን ዘመም ሲል አንዱ ጀርባቸውን፣ ሌላው ጭናቸውን ደገፈ፤ አክስቴ ጉልበታቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ዳማው ጆሮውን አቁሞ ዝም አለ። አባዬ ቀና አሉ። ፎቶ አንሺው «ዞር በሉልኝ» ማለቱን ትቶ አነሳቸው።

በሳምንቱ ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ፣ በፍሬም አድርጎ አመጣው። አቤት ሲያምር! አባዬ ብቻቸውን፣ ቀጥ ብለው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ዳማቸው ላይ። ጀርባቸውን የደገፈ የለ፣ ጭናቸውን የያዘ የለ፤ ሰዎቹን ሁሉ በኮምፒውተር አጥፍቷቸዋል። እኔ እልል አልኩ፤ ወንድሜ አጨበጨበ። ያሰቡት ሁሉ ሞላላቸው ብዬ ደስ አለኝ።

አባዬ ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ጣታቸውን ፎቶው ላይ፣ ጉልበታቸው ጋ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ እህቴ ነበረች።»

«አጠፋኋቸው እኮ አባባ» አለ ፎቶ አንሺው፣ ሥራው የተመሰገነለት መስሎት። «ብቻዎን ነዎት።»

«አየሁ» አሉ አባዬ። «ይኼ ሰውዬ ይወድቃል። ሰዎቼን መልስልኝ።»