ቁልፍ የተበጀለት ጀፎረ

ንጋት፣ አውቶቡስ ተራ

ገና ሳይነጋ የወልቂጤ መኪና ላይ ወጥቻለሁ። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይለፍፋል፤ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ውሸታም! ዛሬ ደግሞ እኔ የቸኮልኩበት ቀን ነው። አጎቴ ጋሽ ዘርጋ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ከሰዓት ነው።

ቱሉ ቦሎ

ሻይና ደረቅ ዳቦ። አጠገቤ የተቀመጡት የቡታጅራ ነጋዴ ለቀብር መሄዴን ሰምተው «አላህ ያጽናችሁ» ካሉኝ በኋላ «ለቅሶው ጀፎረ ላይ ነው?» አሉኝ።

«ሌላ የት ይሆናል!» አልኩ።

ጀፎረ በጉራጌ መንደር ከቤቶቹ ደጃፍ የተዘረጋው ሰፊ ሣር ነው። ጥጃ ይግጥበታል፣ ሠርግ ይጨፈርበታል፣ ሬሳ ሳይለቀስበት አይቀበርም። ከተማው ወደ መንደራችን ሲገፋ ጀፎረውን ለቤት መሥሪያ ሊሸነሽኑት ነበር። አጎቴ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተው አስከለሉት። «ተከለለልን! ከእንግዲህ ማንም አይነካውም» ብለው በስልክ የጮኹት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ወልቂጤ

አቧራ፣ ባጃጅ፣ ኮብልስቶን የሚጠርቡ ወጣቶች። የጉብሬ ሚኒባስ ሹፌር የምወርድበትን ስነግረው በመስታወቱ አየኝ።

«ጀፎረው ጋ? እሱ እኮ አሁን ፓርክ ሆኗል፤ ሰው አይገባበትም።»

«ለለቅሶ ነው።»

«እንጃ፣ ወንድሜ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ጉብሬ መግቢያ

ለቀስተኛው አስፋልቱ ዳር ተጠጋግቶ ቆሟል። ሬሳው በቃሬዛ ላይ፣ ከሽቦው አጥር ውጭ። የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሴቶቹን ይገፋል። ከሽቦው ወዲያ ጥጃ ያጣው ሣር ጉልበት ደርሷል። ሰሌዳው «የተጠበቀ አረንጓዴ ስፍራ፤ መግባት ክልክል ነው» ይላል።

ዘበኛው ሽኩር የመንደራችን ልጅ ነው። እያለቀሰ ነው።

«ክፈት እንጂ!» አልኩት።

«ቁልፉ የፓርኩ ኃላፊ ጋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ልከናል፤ ግምገማ ላይ ናቸው ይላሉ። ሰብሬ ባስገባችሁ ነገ እንጀራዬ የለም። ጋሽ ዘርጋ እኮ እኔንም ያሳደጉኝ ናቸው!»

የአጎቴ ሚስት እትዬ ብርነሽ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ። «ዘርጋዬ፣ ለሰው ብለህ አዳንከው። አንተን ግን ደጅ አስቀሩህ!» ሽማግሌዎቹ ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ ደመናው ሲከብድ ቃሬዛውን አነሱ። አጎቴ ጀፎረአቸውን ሳይረግጡ ተቀበሩ።

ማምሻ

ከቀብር ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኃላፊው ኮቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። «ይቅርታ፣ ስብሰባው ረዝሞ ነው። ግቡ፣ ግቡ» ይለናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ እትዬ ብርነሽ ክንዴን ያዙኝ። ማንም አልገባም።

እሳቸው ሣሩን ቆመው አዩትና ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ዝጋው፣ ልጄ» አሉት። «ዘርጋ የደከመበት ነው፤ ክፍት ካደረ ጥጃ ይገባበታል።»