ከረዥም ሰው የተዋስሁት መቋሚያ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና በዐቢይ ጾም ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው በአንድ በኩል ስለሚያሳፍረኝ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ስለማያውቅ ነው። ሁለቱን ለያይቼ መናገር ስለማልችል እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የምኖረው በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬድ ቀበሌ ነው። ገብስና ባቄላ አርሳለሁ። በደብራችን በቅዱስ ሚካኤል ደግሞ ቀኝ ጌታ ነኝ፤ በማኅሌት ጊዜ በቀኝ በኩል የሚቆሙትን መዘምራን የምመራው እኔ ነኝ ማለት ነው። የግራዎቹን የሚመራው ግራ ጌታ ይስማው ይባላል። ከይስማው ጋር ድጓ የተማርነው ከአንድ የኔታ እግር ሥር ነው። እሱ በቁመት የደብሩን ሰው ሁሉ ይበልጣል፤ እኔ አጭር ከሚባሉት ነኝ። ጎን ለጎን ስንሄድ ያየን ሁሉ ይስቃል።

ቀኝ ጌታነቱ ለእኔ ሲሰጥ ለቦታው የታጨነው ሁለታችን ነበርን። ይስማው ምንም አላለም። እኔ ግን ዝም ማለቱን አልወደድሁትም ነበር።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ጾመ ድጓው የሚባለው በመቋሚያ ብቻ ነው። በሥራ ቀን ከጠዋት ጀምረን ቅዳሴ እስኪገባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ በባዶ ሆዳችን እንቆማለን። ጉልበት ሲከዳ የመቋሚያውን አናት ብብት ሥር ሸጉጦ ገላን በላዩ መጣል ነው። ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በጾሙ እኩሌታ ገደማ የእኔ መቋሚያ ከአናቱ ተሰነጠቀ። ይስማው ይህን አየና ከቤቱ ትርፍ መቋሚያውን አምጥቶ፣ "እስክታሠራ ይህን ያዝ" አለኝ። ዘንጉ ወይራ፣ አናቱ ብረት ነው። ስደገፈው ትከሻዬን ሽቅብ ይገፋኝ ነበር፤ ነገር ግን የተዋሱት ዕቃ አቃቂር አይወጣለትም ብዬ ሦስት ቀን ቆምሁበት።

በሦስተኛው ቀን ቆሜ እንዳለሁ እንቅልፍ አሸለበኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። የነቃሁት አጠገቤ ያለው ሰው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ነው። ላማትብ ቀኝ እጄን አነሳሁ። ክንዴ ተነሳ፤ እጄ ግን ከአንጓው ታጥፎ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ቀና በል ብለው እምቢ አለኝ። ጣቶቼም አልዘረጋ አሉ። የአውራ ጣቴ ጀርባ ደንዝዟል። ሕመም የሚባል ነገር የለውም፤ ይበልጥ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። በግራ እጄ ቀኙን ደግፌ አማተብሁና ማንም ሳያይ ጋቢዬ ውስጥ ከተትሁት።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸችኝ። ጸበል ተጠመቅሁ። ሳምንት አለፈ፤ እጄ ግን ያው ነው። እርፍ መጨበጥ፣ ብዕር መያዝ ቀረ። ፋሲካ ሲመጣ ጸናጽል ይነሳል፤ ጸናጽል ደግሞ የሚመታው በእጅ አንጓ ነው። ጸናጽል የማይዝ ቀኝ ጌታ የስም ቀኝ ጌታ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርሁት ሁሉ በአንዲት አንጓ ምክንያት ከንቱ ሊቀር ነው ብዬ አለቀስሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነኝ፤ ግን አለቀስሁ።

በዚህ መሐል አንዲት ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ መጣች። "መቋሚያውን ከማን እጅ ነው የተቀበሉት?" አለችኝ። ይህችው ጥያቄ ለእኔ በቂ ነበረች።

ሰው ደብተራን በድግምት ይጠረጥራል፤ ደብተራ ደግሞ ደብተራን። እርስ በርስ ስንፈራራ የሚያህለን የለም። ይስማው ዝም ያለው ለዚህ ኖሯል አልሁ። ትርፍ መቋሚያ አምጥቶ የሰጠኝ ለዚህ ኖሯል፤ ደግሞበት ነው የሰጠኝ አልሁ። መቋሚያውን በጆንያ ጠቅልዬ፣ እሱ እርሻ በሄደበት ሰዓት አጥሩ ላይ አስደግፌለት ተመለስሁ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነሳሁት። ሁለት ጊዜ ሊጠይቀኝ መጣ። በሁለተኛው ድምፁን ስሰማ ጥሩወርቅን "ተኝቷል በይው" አልኋት። ጥሩወርቅ ውሸት አይሆንላትም። በሩ ላይ ወጥታ "ተኝቷል እንድል ተነግሮኛል" አለችው። ይስማው "እግዜር ይማረው" ብሎ ሄደ።

ፋሲካ ደረሰ። ጸናጽሌን ሌላ ሰው ያዘው። እኔ ከኋላ ቆሜ አፌን ብቻ አንቀሳቀስሁ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጥሩወርቅ፣ "አንተ ሰው፣ ወይ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ወይ እኔን አንተ ዘንድ ከመቀመጥ አሰናብተኝ" ስላለችኝ ከአርብ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሙ እጄን ገልብጦ አየና እጅና እግር በእንቅስቃሴ ወደሚታከምበት ክፍል ላከኝ። እዚያ ያገኘኋት ገና ወጣት ልጅ ናት፤ አነጋገሯ የአገሬ ሰው እንዳልሆነች ያስታውቃል። ስሟን ሳላስፈቅድ አልጽፈውም።

"አባቴ፣ ይህ ነገር ሲጀምርዎ ጠጥተው ክንድዎ ላይ ተኝተው ነበር?" አለችኝ።

"በዐቢይ ጾም?" አልሁ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ። መቆጣቴ ከክፍሉ ውጭ ሳይሰማ አልቀረም።

"ይቅርታ አባቴ፣ ለሁሉም የምንጠይቀው ነው" አለች እየሳቀች። "ምርኩዝስ ይደገፋሉ?"

"ምርኩዝ የሽማግሌ ነው።"

"ታዲያ ያ ምንድን ነው?" ብላ ጥግ ወዳቆምሁት ዘንግ ጠቆመች።

"እሱማ መቋሚያ ነው" አልሁ። የተሰነጠቀው የራሴ ነበር፤ አሠርቼው ይዤው ሄጃለሁ።

እንዴት እንደምቆምበት እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ተነስቼ ብብቴ ሥር አደረግሁትና ሳላስበው ዜማ ጀመርሁ። ልማድ ነው፤ መቋሚያ ይዤ ዝም ብዬ መቆም አልችልም። ሁለት በሽተኞች በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። ልጅቱ ግን ዓይኗ ብብቴ ላይ ነበር። በመቋሚያውና በብብቴ መካከል ሁለት ጣቷን አስገባችና ራሷን ነቀነቀች።

"ይህኛው ልክዎ ነው። ያን ሰሞን የቆሙት በዚሁ ነው?"

ቀስ ብዬ፣ "አይ፣ የተዋስሁት ነው" አልኋት።

"ባለቤቱ ረዥም ነው?"

"በአንድ ራስ ይበልጠኛል።"

ያን ጊዜ ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ከአንገት የሚነሳ ነርቭ አለ፤ በብብት አልፎ በክንድ አጥንት ጀርባ ዞሮ ወደ እጅ ይወርዳል። አንጓን ቀና የሚያደርገው፣ ጣት የሚዘረጋው እሱ ነው። መቋሚያው ከቁመቴ ስለረዘመ የብረት አናቱ ብብቴ ውስጥ ገብቶ ነርቩን ከአጥንት ጋር ሲጨፈልቀው ከርሟል። በሦስተኛው ቀን ያሸለበኝ እንቅልፍ ጨረሰው። "ግን የተበጠሰ አይመስለኝም" አለችኝ፤ "ደንዝዞ ነው። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።"

በደስታና በሐፍረት መካከል ሆኜ ግድግዳውን አየሁ። ጥፋቱ የመቋሚያው ነው ማለቴ ልክ ነበር። የተሳሳትሁት በሰውየው ነው።

ልጅቱ ከፕላስቲክ ድጋፍ ቆርጣ አንጓዬን ቀና አድርጋ በፋሻ አሰረችልኝ። በቀን ሦስት ጊዜ ፈትቼ፣ መዳፌን ጠረጴዛ ላይ ደፍቼ እጄን ተነስ እንድለው ነገረችኝ። "ባይነሳም ይዘዙት። መታዘዝ እስኪያስታውስ ድረስ አይተዉት" አለችኝ። ለሰኔ ሚካኤል ይደርስልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። የደብራችን ንግሥ በዚያ ዕለት ነው። "ቃል አልገባልዎም፣ ግን ይሞክሩ። ካልተንቀሳቀሰ ተመልሰው ይምጡ" አለች። ሸኝታኝ እስከ ግቢው በር መጣች፤ ሥራዋ አልነበረም።

ይስማው ዘንድ ለመሄድ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ሰው በድያለሁ ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ሄድሁ። ማሳው ላይ በሬዎቹን ፈትቶ እያሳረፈ አገኘሁት። "ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ፣ ደግሞብኛል ብዬህ ነበር" አልሁት።

"ሰምቻለሁ" አለ። "አገር ሁሉ ሰምቷል።"

ከዚያ ከላይ ቁልቁል እያየኝ፣ "አንተ ሰው፣ እኔ ድግምት ባውቅ ኖሮ ቀኝ ጌታነቱን አንተ ትወስደው ነበር?" አለኝ።

እሱ ቀድሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረና መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ልጅቱ ያለችውን ሁሉ ነገርሁት። መቋሚያው ጎዳኝ ስለው ግን ፊቱ ጨለመ። "እኔ ነኛ ያሳመምሁህ!" አለ። እሱን ማጽናናት ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይስማው በሬዎቹን በፈታ ቁጥር ቤቴ ይመጣል። እኔ መዳፌን መደብ ላይ እደፋለሁ። እሱ ትንሿን ከበሮ ጭኑ ላይ አድርጎ በዝግታ ይመታል፤ በምቱ ልክ "አንሣ!" ይለኛል። እኔ እጄን አዛለሁ። እጄ አይሰማም። "አንሣ!" እንደገና። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። አንድ ቀን ተናድጄ "በቃ፣ ሞቷል!" ብዬ ጮህሁበት። "ሐኪሟ ሞቷል አላለችም" አለና ከበሮውን መታ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። ከቀትር በኋላ ዝናብ ያረገዘ ደመና ነበር። ይስማው መታ፣ "አንሣ!" አለ። የእጄ ጀርባ ላይ አንድ ጅማት ሳብ ሲል አየሁ። ይስማውም አይቷል፤ ከበሮውን የሚመታው እጁ አየር ላይ ቀረ። "ድገም" አለኝ በሹክሹክታ። ደገምሁ። እጄ ከመደቡ የጣት ውፍረት ያህል ቀና አለና ተመልሶ ወደቀ። ጥሩወርቅ ሊጡን ትታ ወጥታ እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

ከዚያ በኋላ ዕለት በዕለት ነው የተለወጠው። መጀመሪያ አንጓዬ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ። አውራ ጣቴ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከቤተ መቅደስ ወጣ። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ አጥሩ ላይ ወጥቷል። እኛ በቀኝና በግራ ተሰለፍን። ጸናጽሌን ይዞ የከረመው ሰው ወደ እኔ መጥቶ በሁለት እጁ አቀበለኝ። ያዝሁት። አውራ ጣቴ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልለቀቀም። ይስማው የግራ ጌታ ቦታውን ለሌላ ትቶ ታላቁን ከበሮ አንገቱ ላይ አጠለቀ።

ወረቡ ተጀመረ። ይስማው ከወትሮው ይልቅ አዘግሞ መታ። መዘምራኑ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ምቱ ቤቴ መደብ ላይ ሲመታልኝ የከረመው መሆኑን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዓይኑ "አንሣ" ይለኛል። አነሳሁ። ጸናጽሉ ጮኸ። እንደገና አነሳሁ፤ እንደገና ጮኸ። ራሴን ነቀነቅሁለት፤ እሱም ምቱን ፈጠን አደረገው። ከዚያ ማን ይያዘን! ከበሮው ጋለ፣ ረድፉ ሁሉ ዘለለ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እጄ ሽቅብ ቁልቁል ይላል፣ የራሴ እጅ፣ የእኔን ትእዛዝ ሰምቶ! ላብና እንባ ተቀላቅሎ ዓይኔን ጋረደኝ። አላቆምሁም።

ታቦቱ ሲገባ ይስማው እያለከለከ መጣና፣ "ቀኝ ጌታ፣ ዛሬ ምቱን ቀደምኸኝ" አለኝ።

"ሦስት ወር ዝም ያለ እጅ ነው፤ ተወው ይናገር" አልሁት።

በማግሥቱ ንፋስ መውጫ ሄጄ ለልጅቱ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ወደ ሌላ ቦታ ለመዛወር ዕቃዋን እየሸከፈች ነበር። ጸናጽሉን ይዤ ስለነበር እዚያው ክፍል ውስጥ መታሁላት። አጨበጨበች።

ዛሬ ያ ነገር ሲታወሰኝ ሐፍረቱ አልጠፋም። በአንድ ጎረቤት ጥያቄ የዕድሜ ጓደኛዬን ጠላት አድርጌው ነበር፤ ይህን መርሳትም አልፈልግም። ደስታው ግን ይበልጣል። ጸናጽል ባነሳሁ ቁጥር እጄ ቀና ሲል አየዋለሁ፣ ሳቄም ያመልጠኛል። በማኅሌት መሐል የሚስቅ ቀኝ ጌታ በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ይስማው ማዶ ቆሞ ያየኝና እሱም ይስቃል። የደብራችን አለቃ ሁለታችንንም ገሥጸውናል፤ አልተሳካላቸውም።