ነፋስ ያልገለበጠው ታንክ

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ወርጄ በአንድ ፋብሪካ አጥር ሥር ሳልፍ በሁለት የሲሚንቶ እግሮች ላይ የተጋደመ የጋዝ ታንክ አየሁ። አብሮኝ የነበረው የልጅ ልጄ «አባባ፣ ምን እያዩ ነው የቆሙት?» አለኝ። ላስረዳው ስጀምር የድሮው ንዴቴ ተነሳብኝ።

በሠላሳዎቹ መጨረሻ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። አዲስ አበባ ትንሽ ምሕንድስና ቀምሼ ደሴ ተመልሼ ነበር። ኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ላይ በንድፍ ሠራተኝነት ተቀጠርኩ። ከደሴ ሰኞ ገበያ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ደሴ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ካፖርቴን አውልቄ በክንዴ አንጠለጥላለሁ።

አለቃችን ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የታመቀ አየር ታንክ ለድንጋይ መሰርሰሪያ ሊጠቀምበት፣ አንድ ኮረብታ ላይ በሁለት ረጃጅም የግንብ እግሮች ላይ አጋደመው። ከሥሩ ቁልቁል የታላቅ ወንድሜ የጋሼ መሐመድ ጎጆ ነበረች። ጋሼ የመንገድ ሥራው ግቢ ዘበኛ ነው፤ ሚስቱ ዘይነባ አራስ ነበረች።

የነፋሱን ግፊት አስላ ተባልኩ። ርዝመቱን በወርዱ አባዝቼ ነፋስ የሚመታውን ጎን አገኘሁ፤ ክብ ነገር ላይ ነፋስ ስለሚንሸራተት ቀነስኩለት። የቸገረኝ የነፋሱ ፍጥነት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ማን ለክቶት ያውቃል? ገበሬዎቹን ብጠይቅ አንዱ «የቤት ክዳን ይነቅላል» ሲለኝ፣ ሌላው «ኧረ ምርቱን ከገለባው እንኳ በወጉ አይለይም!» አለኝ። በከፋው ነፋስ ስሠራው ግን ታንኩ ይገለበጣል። ውስጡ አየር ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው፤ በእግሮቹም ላይ በብሎን አልታሰረም።

ሙሴ ያኒ ወረቀቱን ገፋው። «ብሎን የለም። ሌላ ቁጥር አምጣ።»

«ሌላ ቁጥር ከየት ላምጣ?» ብዬ ወጣሁ።

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ከዚህ ይነሱ።»

«ወላሂ አብደሃል! ለነፋስ ብዬ ቤቴን ላፍርስ?»

ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ዘይነባ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች፤ እሱም እየተራገመ ተከተላት። በዝናብ፣ በጭቃ ሌላ ጎጆ ቀለስን። ትታው የሄደችውን ጎመን የሰው ፍየል ጨረሰው።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም አለፈ። ዋርካ የጣለ ነፋስ እንኳ መጣ፤ ታንኩ ንቅንቅ አላለም። ሥራው ሲያልቅ ጭነው ወሰዱት። ጋሼ እስኪሞት ድረስ በየሰርጉ «ከነፋስ ያሸሸኝ ወንድሜ እሱ ነው» እያለ ሰው ሲያስቅብኝ ኖረ። ሒሳቡን ስንት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት! ይገለበጣል። ያልደረሰ አደጋ ለሰው እንዴት ያስረዱታል?

ከልጅ ልጄ ጋር ኮምቦልቻ በወረድኩበት ቀን ማታ፣ እርጅና የተጫጫናት ዘይነባ ቤት ገብቼ «ተሳስቼ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ብቻ ነፋስ በተነሳ ቁጥር፣ እንኳን ከዚያ ወጣሁ እል ነበር።»

ምናለ ይህን ጋሼ ፊት ብትለው ኖሮ!