አቶ ኃይለመስቀል እንዳይነሱ

አቶ ኃይለመስቀል ዘወትር ረቡዕ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይታመማሉ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይድናሉ። በሽታቸው የሥራ ነው። አትላንታ ውስጥ ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ ነርሱንም፣ የመድኃኒት ባለሙያውንም፣ ፊዚዮቴራፒስቱንም፣ ሶሻል ወርከሩንም የሚያስተምረው ለየብቻ ነው። አዛውንት ለማከም ሲሆን ግን አራቱ አብረው መክረው አንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ያዛል። ለዚህ መለማመጃ በሽተኛ ያስፈልጋል። እውነተኛ በሽተኛ አራት ተማሪ እየተፈራረቀ ቢጠይቀው ስለሚብስበት፣ ኮሌጁ ጤነኛ ሽማግሌ ይቀጥራል።

አቶ ኃይለመስቀል ሃያ ሁለት ዓመት በአውሮፕላን ማረፊያው የመኪና ማቆሚያ ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ አትላንታ ዳርቻ ኖርክሮስ ባለው ቤታቸው ውስጥ ሶፋውን ሊወርሱት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ይኼንን ሥራ በቤተ ክርስቲያን ሰው አፈላልገው ያስገኙላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው።

ኮሌጅ ሲገቡ ስማቸው ዋልተር ጄንኪንስ ይሆናል። ጄንኪንስ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ ብቻውን የሚኖር፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚውጥ ሽማግሌ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ እሑድና ሐሙስ ሳሎኑ ውስጥ ወድቋል። ሰው ካልደገፈው ከወንበር መነሳት አይችልም። መጦሪያ እንዳያስገቡት ስለሚፈራ ይኼንን ሁሉ ካልጠየቁት አይናገርም። ጄንኪንስን በሦስት ገጽ ጽፈው የፈጠሩት አለቃቸው ሚስ ላቨርን ናቸው፤ ሰው ሲቆጡ እንኳ «ማሬ» ብለው የሚጀምሩ ደግ ሴት።

አቶ ኃይለመስቀል ሥራውን ወደዱት፤ መዘዙም የመጣው ከመውደዳቸው ነው። በመጀመሪያው ወር አራት ተማሪዎች ተራ በተራ «እንዴት ወደቁ?» ብለው ጠየቋቸው። ለአራት እንግዳ አንድ ዓይነት ወሬ ማቅረብ ንፉግነት መሰላቸው። ለነርሷ ሳሙና አንሸራተተኝ፣ ለመድኃኒት ባለሙያው ከመሰላል ነው፣ ለፊዚዮቴራፒስቷ ውሻ ጠለፈኝ አሉ። ለሶሻል ወርከሩ ሲደርሱ ከበቅሎ ወደቁ። አራቱ ሊጽፉ በተሰበሰቡ ጊዜ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ማሬ፣ ጄንኪንስ በቅሎ የለውም» አሉ ሚስ ላቨርን። ይኼ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሆነ።

ሁለተኛው የመጣው ከአስተዳደጋቸው ነው። እሳቸው ባደጉበት ቤት ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቅረት አይታሰብም ነበር። «ኖር» ተብሎ ይነሳል፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። አትላንታ ውስጥ ግን «በእግዜር» የሚል ተማሪ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ከወንበር መነሳት የማይችለው ጄንኪንስ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ በገባ ቁጥር ብድግ እያለ፣ እስኪቀመጡለት ድረስ እንደ ዘብ ይቆማል።

«ሚስተር ኃይሌ፣ የሚቀጥለው ረቡዕ ፈተና ነው» አሏቸው ሚስ ላቨርን። «ቀኑን ሙሉ ነው፤ ስምንት ቡድን። ጄንኪንስ አንዴ ከተነሳ ወንበሩን ለሌላ ሰው ለመስጠት እገደዳለሁ።»

ያን ሳምንት ቤት ውስጥ ልምምድ ሆነ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ወጥተው፣ አንኳኩተው ገቡ። ባላቸው ንቅንቅ አላሉም። እንደገና ወጥተው ገቡ። አሁንም ንቅንቅ የለም።

«ይኸው ቻልኩ» አሉ አቶ ኃይለመስቀል።

«ምን ትችላለህ፤ ለእኔማ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ መቼ ተነስተህ ታውቃለህ?» ብለው ወይዘሮዋ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸውን አብዱን ጠሩ። አብዱ ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ አቶ ኃይለመስቀል ቆመው ተገኙ።

«ጋሼ፣ ቀበቶ ነው የሚያዋጣው» አለ አብዱ። «መኪና ላይ እንደምናስረው።»

«ለነጩ ጋዋንስ ይሁን» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፤ «ለአብዱም?»

ፈተናው ደረሰ። አቶ ኃይለመስቀል የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጠበቁ። ነርሷ ገባች፤ ጭናቸው አንድ ጣት ያህል ከፍ አለና ተመለሰ። ሶሻል ወርከሩ ሲገባ ሳል አስመስለው አሳለፉት። ፊዚዮቴራፒስቷ ገብታ እንዲነሱ ብትጠይቃቸው «አልችልም፣ ልጄ» አሉ፤ ሲሉም በራሳቸው ኮሩ። እሷም «መነሳት አይችልም» ብላ ጻፈች። አራተኛዋ የመድኃኒት ተማሪዋ ሄርሜላ ነበረች፤ እዚያው አቅራቢያ ዱሉዝ ያደገች የሐበሻ ልጅ። ለሷም አልተነሱም። ፈተናውን ከሚከታተሉበት የመስታወት ግድግዳ ጀርባ ሚስ ላቨርን አውራ ጣታቸውን አሳዩአቸው።

አራቱም ክፍሉ ውስጥ ሊመክሩ ሲሰበሰቡ በሩ ተከፈተና ፈታኙ ፕሮፌሰር የተረሳ ወረቀት ይዘው ገቡ። ጠጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ይኼ ከአቅም በላይ ሆነ። አቶ ኃይለመስቀል በልባቸው ጄንኪንስን ተሰናበቱትና ብድግ አሉ።

ፊዚዮቴራፒስቷ የጻፈችውን አየች፤ ሰውየውን አየች። ሚስ ላቨርን በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«አባባ፣ ቁጭ በል ፕሊዝ» አለች ሄርሜላ በአማርኛ። «ትወድቃለህ።»

የሰባ አንድ ዓመት ሰው «በል» ማለቷ ሌላ ቀን ቢሆን ተግሣጽ ያስከትልባት ነበር። ዛሬ ግን ያስቀመጣቸው ሰው በመገኘቱ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

ሄርሜላ ወደ ጓደኞቿ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ «አባቴ እንዲህ ነው» አለች። «ፒዛ ላመጣ ሰው እንኳ ይነሳል። እሱ ይነሳል፣ ጉልበቱ ግን አብሮት አይነሳም።» ከዚያ ወደ በሽተኛው ተጠጋች። «ሚስተር ጄንኪንስ፣ እሑድ የወደቁ ቀን ማን መጥቶ ነበር?»

በሦስቱ ገጽ ውስጥ ይኼ የለም። አቶ ኃይለመስቀል መስታወቱን አዩ፤ ሚስ ላቨርን ገና ዓይናቸውን እንደሸፈኑ ናቸው። ከሥራው እንደሆነ ተባረዋል፤ ከእንግዲህ ምን ይፈራሉ?

«ፓስተሩ» አሉ።

«ሐሙስስ?»

«ቧንቧ ሠሪው።»

አራት ራስ አንድ ወረቀት ላይ ተደፋ። ፊዚዮቴራፒስቷ ወንበሩ ከፍ ይበል፣ ፊቱን ወደ በሩ ያዙር፣ ምርኩዝ ከእጁ አይራቅ አለች። ነርሷ ግፊቱ ተቀምጦም ቆሞም ይለካ አለች። ሄርሜላ መድኃኒቱ ሲነሳ የሚያዞረው እንደሆነ ሐኪሙን እንጠይቅ አለች። ሶሻል ወርከሩ ደግሞ ለፓስተሩም ለጎረቤቱም የሚነገር አገኘ፦ ከበሩ ላይ ሆናችሁ «አይነሱ» በሉት። ማንም ከማንም አልተጣላም።

«አምና ይኼ አልነበረም» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ተማሪዎቹ ሲወጡ ከመስታወቱ ጀርባ ለመጡት ሚስ ላቨርን። «ማን ጨመረው?»

ሚስ ላቨርን ወደ ወንበሩ ጠቆሙ። «ሚስተር ኃይሌ ናቸው።»

«እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አለ። ይጻፍ» ብለው ፕሮፌሰሩ ወጡ።

አቶ ኃይለመስቀል ካፖርታቸውን አንሥተው ስንብታቸውን ሲጠብቁ፣ ሚስ ላቨርን ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ጽፈው አነበቡላቸው፦ «እንግዳ በገባ ቁጥር ለመነሳት ይሞክራል። ሽማግሌ ሲገባ ግን ብድግ ይላል፤ ተንገዳግዶም ወንበሩ ላይ ይወድቃል።»

«ወንበሩ የእርስዎ ነው፣ ማሬ። ከዛሬ ጀምሮ ታዲያ ልክ እንደተጻፈው ነው።»

«ስንት ቡድን ቀረ?»

«ሰባት።»

አቶ ኃይለመስቀል ጉልበታቸውን ዳሰሱ። አራት ተማሪና አንድ ፕሮፌሰር፣ ሰባት ጊዜ። «ጄንኪንስ ከምሳ በኋላ... ትንሽ ሰው የሰለቸው ቢሆንስ?»

«ፈተና እኮ ነው» አሉ ሚስ ላቨርን። «ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ፕሮፌሰሩም በየቡድኑ ወረቀት ይረሳሉ።»

በሩ ተንኳኳ። አቶ ኃይለመስቀል ካፖርታቸውን መልሰው ሰቀሉ፤ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹና ሁለተኛዋን ነርስ ለመቀበል ጭናቸውን አንድ ጣት ያህል አነሱ።