ስስ መጋረጃ

ዛሬ ጠዋት የእናቴን አበባ ውሃ ሳጠጣ፣ ከጣሳው የወጣው የእርጥብ አፈር ሽታ ወደ አሥር ዓመቴ መለሰኝ።

አባቴ በሞተ በወሩ ነበር። እናቴ የአርባ ምንጭ ቤታችንን መጋረጃ ዘግታ ከክፍሏ አትወጣም ነበር። አባቴ ከጨንቻ ያመጣላት ነጭ አበባም ጨለማው ውስጥ ማበብ አቆመች። የቤተ ክርስቲያን እናቶች መጥተው "ኧረ ልጄ፣ ወጣ ብለሽ ፀሐይ ሙቂ" ሲሏት ሰማሁ። እሷ እንቢ ስትል እኔ አበባዋን ደጅ አወጣኋት። ፀሐዩ በአንድ ቀን ቅጠሏን አሳረረው።

እናቴ ያን ቀን ወጣች። አልተቆጣችኝም። ያረሩትን ቅጠሎች በጥፍሯ እየቀነጠሰች፣ "ብርሃን ትፈልጋለች፤ የፊት ለፊት ፀሐይ ግን አትችልም። በስሱ መጋረጃ አልፎ ይድረሳት። አታጣድፊያት" አለችኝ።

ስለ አበባዋ ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር። አበባዋን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ፣ ወፍራሙን መጋረጃ በገዛ እጇ ገለጠችው።

እናቴን ከቀበርን ሳምንታችን ነው። ጎረቤቶቼ "ወጣ በይ እንጂ" ይሉኛል። አበባዋን አጠጥቼ ስጨርስ ወፍራሙን መጋረጃ ገለጥኩት። ስሱን ግን ተውኩት።